ሥራ ፈቱ ማን ነው?

«ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ አስተማሪ በነበርኩበት ዘመንም ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ተርቼዋለሁ። ባለፈው ክረምት ግን ይኸው ተረት ዞሮ በእኔው ላይ ተተረተ። ነገሩም እንዲህ ነው። በመቱ ከተማ በሰፈራችን የእድር ስብሰባ ነበረ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ እየወረደ የሰብሳቢውን ድምፅ ስለ ዋጠው፣ ጋብ እስኪል ድረስ ዝም ብለን ተቀምጠን ነበር። እኔም እጄ ባዶውን ከሚቀመጥ ብዬ ከኮቴ ኪስ ሁለቱን መርፌና ልቃቂቱን አወጣሁና ለልጅ ልጄ የጀመርኩትን የሹራብ ቆብ ቀጠልኩ። በዚህ ጊዜ ሁላችንም የምናከብራቸው አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «መምህር፣ ሥራ የፈታ መነኩሴ አሉ!» ብለው ተረቱን ሳይጨርሱ ተዉት። የቀረውን ቤቱ በሙሉ በሳቅ ጨረሰው። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩን አሰብኩበት። ተረቱ እውነት ነው። ነገር ግን መነኩሴው የሚነቀፈው ስለ ሰፋ አይደለም፤ ደኅናውን ቆብ ስለ ቀደደ ነው እንጂ። እንግዲያውስ በከተሞቻችን ውስጥ ደኅናውን ነገር እየቀደደ የሚኖር ማን ነው? ሁለት መርፌ ይዞ ከልጆች ጋር የሚያመሽ ሰው ነውን? ወይስ ልጆቹን ለእናታቸው ጥሎ «ጊዜ ላሳልፍ» ብሎ ከቤት የሚወጣው ሰው ነው? የዚህን መልስ ለሽማግሌው ሳይሆን ለእናንተ ለወጣቶቹ መጻፍ የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። እርሳቸውም እኔም አምሽተናል፤ እናንተ ግን ገና ማለዳ ላይ ናችሁ።

አስቀድሜ የቤቴን ሁኔታ ልንገራችሁ። እኔ በኢሉባቦር ከተሞችና ገጠሮች 40 ዓመት ያህል ጠመኔ ይዤ የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ። አሁን የምኖረው ከባለቤቴ፣ ከልጄ፣ ከምራቴና ከሦስት የልጅ ልጆቼ ጋር ነው። ትልቁ 7 ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛዋ 4 ዓመት ሞልቷታል፤ ሦስተኛው የ8 ወር ሕፃን ነው። ምራቴ ነርስ ስለ ሆነች አንዳንድ ቀን ሌሊቱን በሥራ ታድራለች። ልጄም በቡና ንግድ ምክንያት ወደ ያዩና ወደ በደሌ ይመላለሳል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ምሽቱ የእኔ፣ የባለቤቴና የልጆቹ ነው።

የእኛ አገር ምሽት ደግሞ ረጅም ነው። ኢሉባቦር በኢትዮጵያ ውስጥ እጅግ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት ስፍራዎች አንዱ ነው፤ በጎሬ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ይወርዳል። ሌላው አገር ክረምት የሚለው ሦስት ወር ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ደጁን ያጨቀየዋል። ልጆች ወደ ሜዳ ወጥተው መሮጥ የማይችሉበት ምሽት ብዙ ነው። በእንደዚህ ያለው ምሽት ቤቱ ወይ ትምህርት ቤት ይሆናል፣ ወይ እስር ቤት ይሆናል።

በቤታችን የሚሆነው እንደዚህ ነው። እኔ ከምድጃው አጠገብ በዝቅተኛ ወንበር እቀመጣለሁ። የ4 ዓመቷ ልቃቂቱን በጭኗ ይዛ ክሩን በልክ ትለቅልኛለች፤ ተንከባልሎ ከአመድ እንዳይገባ ጠባቂው እርሷ ናት። «አካኮ፣ ዝናቡ ቀን ቀን የት ነው የሚተኛው?» ትለኛለች። አካኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ከእናቷ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ እያወራች ሁለት ቋንቋ በአንድ ጊዜ ትማራለች። ትልቁ ልጅ ደግሞ ቈጣሪ ነው። የሕፃን ቆብ ስንሠራ በመርፌው ላይ 72 ቀለበት እንጀምራለን። አናቱ ላይ ስንደርስ በስድስት ቦታ ላይ ሁለት ሁለቱን ቀለበት አንድ እያደረግን እንቀንሳለን፤ 72 የነበረው 66 ይሆናል፣ ከዚያ 60፣ ከዚያ 54 እያለ ይወርዳል። ልጁ በትምህርት ቤት የስድስትን ማባዣ በቃሉ ሲወጣ ይሳሳት ነበር፤ በቆቡ አናት ላይ ግን ሽቅብም ቁልቁልም ያለ ስሕተት ይወጣዋል። ስሕተት ቢገኝ ቆቡ ስለሚጣመም የሚቈጣው ቆቡ ነው፤ እኔ መቈጣት አያስፈልገኝም።

ከዚህ ላይ ልብ አድርጉልኝ። እኔ የማመሰግነው ቆቡን አይደለም። ሹራብ መሥራት እጅን ይይዛል እንጂ ጆሮንና አፍን አይይዝም። ሹራብ የሚሠራ ሰው ከተቀመጠበት ቶሎ አይነሣም፤ ተቀምጦም ሳለ ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ተረት ይተርታል። ጊዜ ማሳለፊያ ሁሉ እኩል አይደለም። ዳማ የሚጫወት ሰው አሳቡ ከጠጠሩ ጋር ነው። ጫት የሚቅም ሰው ከቤቱም ከአሳቡም ርቆ ሄዷል። ስልክ የያዘ ሰው ደግሞ በአካል ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ዐይኑንም ጆሮውንም ሰጥቶ ጨርሷል። ስለዚህ አንድን ጊዜ ማሳለፊያ ለመመዘን ብትፈልጉ ሌላ ሚዛን አትፈልጉ፤ ልጅ በመካከል ጥያቄ ቢጠይቅ መልስ ያገኛልን? ብላችሁ ጠይቁ።

ይህን ስል የምናገረው ከጻድቃን ወገን ሆኜ አይደለም። እኔ ራሴ ደኅናውን ቆብ የተረተርኩ ሰው ነኝ፤ በምሳሌ ሳይሆን በእውነት። ታሪኩን እነግራችኋለሁ።

በልጅነቴ በተማርኩበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ከቀትር በኋላ የእጅ ሥራ ትምህርት ነበረን። የምታስተምረን አንዲት የውጭ አገር ነርስ ነበረች፤ ወንድና ሴት ሳትለይ ሁላችንንም በአንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጣ ሹራብ መሥራት አሳየችን። በ9 ዓመቴ ለአባቴ አንድ የአንገት ልብስ ሠርቼ ሰጠሁት፤ እርሱም ገበያ ለብሶት ወጣ። ከፍ ስል ግን የሰፈር ልጆች ሳቁብኝ፤ መርፌውን ጣልኩት። ኋላም አስተማሪ ሆኜ ሌሎች ልጆችን ከመሳቅ አላዳንኳቸውም።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ምክንያት ከወሎና ከትግራይ ብዙ ሕዝብ ተነሥቶ ወደ ኢሉባቦር መጥቶ እንደ ሰፈረ ታውቃላችሁ። ደጋ የለመደ ሰው ወደማያውቀው ዝናብና ወባ መጣ፤ ብዙ ሰው ታመመ፣ ብዙ ሕፃንም ሞተ። እኔ በዚያ ጊዜ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ፤ ከሰፋሪዎቹ ልጆች አንዱ በእኔ ክፍል 5ኛ ክፍል ገባ። አንድ ቀን ሳስተምር ልጁ ከኋላ አግዳሚ ላይ ደብተሩን ከፍቶ ከሥሩ እጁን ሲያንቀሳቅስ አየሁት። ሄጄ ደብተሩን ባነሣው፣ ከቀርከሃ የጠረባቸውን ሁለት መርፌዎች ይዞ ትንሽ ቆብ ይሠራል። ክሩ ከተቀደደ የእርዳታ ሹራብ የተተረተረ ነበር። ቆቡ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል።

ከእጁ ነጠቅሁትና ወደ ክፍሉ ፊት ወሰድኩት። «ይህን ሴታ ሴት እዩልኝ!» አልኩ። ከዚያም መርፌዎቹን መዘዝኩና የክሩን ጫፍ ይዤ ሳብኩት። ሹራብ በብዙ ቀን ይሠራል፤ የሚተረተረው ግን በአንድ ደቂቃ ነው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ልጁ አላለቀሰም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ለእኅቴ ነበረ። ሰኞ ለት ነው የተወለደች» አለኝ። እኔም፣ «ወደዚህ የመጣኸው ለመማር ነው!» ብዬ ክሩን ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ከተትኩት። ልጁ ከዚያ ወዲያ እጁን አንሥቶ ጥያቄ መልሶ አያውቅም። ከገና ዕረፍት በኋላም አልተመለሰም። ሕፃኗ ምን እንደ ሆነች አልጠየቅሁም። ማንም ሳይሆን እኔ መጠየቅ ነበረብኝ።

አሁን ምራቴ ስታስረዳኝ፣ ያን ቀን የተረተርኩት ምን እንደ ነበረ ገብቶኛል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ራሱ ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ትልቅ ነው፤ ርጥብ ሆኖም ስለሚወለድ ሙቀቱ ቶሎ ይሸሻል። የሰውነቱ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን ይገባዋል፤ ከዚያ በታች ሲወርድ፣ ይልቁንም ያለ ጊዜው ለተወለደና ክብደቱ ለቀነሰ ሕፃን፣ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። ስለዚህ ነርሶች ሕፃኑን ወዲያው ያደርቁታል፤ ከእናቱ ገላ ጋር ያጣብቁታል፤ ራሱን በቆብ ይሸፍኑታል። ያ ልጅ ይህን ትምህርት ከማንም አልተማረም። እኅቱ በርዷት አይቶ እጁ ያወቀውን ሠራ። የመምህራን ማሠልጠኛ የወጣሁት እኔ ግን አላወቅሁም።

ነገሩን የሚያከፋው ሌላም አለ። በዚያው ዓመት የእኔ የበኵር ልጅ ገና የ2 ዓመት ሕፃን ነበረ። እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ጠጅ ቤት እሄድ ነበር፤ ካርታም እንጫወት ነበር። ወደ ቤት ስገባ ልጄን የማገኘው ተኝቶ ነው። ባለቤቴ ቀን እንጀራ ስትጋግርና ውኃ ስትቀዳ ውላ፣ ማታ ልጁን በጀርባዋ አዝላ ለልጇ ሹራብ ትሠራ ነበር። እንግዲህ አንባቢዬ ፍረድ፤ በዚያ ዘመን ሥራ ፈቱ ማን ነበረ? ለእኅቱ ቆብ የሠራው ልጅ ነውን? ወይስ አስተማሪው?

ጡረታ ወጥቼ ከልጅ ልጆቼ ጋር መርፌ ስይዝ ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ አየችኝና፣ «እንኳን መጣህ፤ ግን ዘግይተህ መጣህ» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም። እውነቷን ስለ ነበረ እኔም አልመለስኩላትም።

አሁን ደግሞ በእድሩ ሳቅ ውስጥ የተሸሸጉትን ምክንያቶች አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

አንደኛው ምክንያት «ክር የሴት ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው የለበሰውን ጋቢ ማን እንደ ሠራው አልጠየቀም። በአገራችን ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ሰድዶ ድሩን ከማግ ጋር የሚያገናኘው ሸማኔ ወንድ ነው። በመቱ ገበያ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ደርድረው ልብስ የሚሰፉልን አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። በየማረሚያ ቤቱ ወንዶች እስረኞች ሹራብና ቆብ ሠርተው እንደሚሸጡ የማያውቅ የለም። ለመሆኑ ወንድ ልጅ ሹራብ ለመሥራት መታሰር አለበትን?

ወደ ውጭ አገርም ብንመለከት ነገሩ ይኸው ነው። በአውሮፓ በቀድሞ ዘመን የሹራብ ሠራተኞች ማኅበር አባላት የሚሆኑት ወንዶች ነበሩ። የእግር ሹራብ የሚሠራውን የመጀመሪያ መኪና በ1589 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዊልያም ሊ የተባለ የእንግሊዝ ቄስ ነው። በፔሩ አገር በቲቲካካ ሐይቅ ውስጥ ታኪሌ የምትባል ደሴት አለች፤ በዚያች ደሴት የሹራብ ቆብ የሚሠሩት ወንዶች ናቸው፤ ልጆችም ከአባቶቻቸው ይማሩታል። ዩኔስኮ የደሴቲቱን የልብስ ሥራ ጥበብ በ2005 እ.ኤ.አ. የዓለም ሕዝብ ቅርስ ነው ብሎ አክብሮታል። መጽሐፍ ቅዱስን የምታነቡም የሳሙኤል እናት ሐና በየዓመቱ ለልጇ ትንሽ መደረቢያ ትሠራ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። ከዚህም ጋር የሽመናና የጥልፍ ጥበብ የተሰጣቸው ባስልኤልና ኤልያብ ወንዶች እንደ ነበሩ፣ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን እየሠራ ይኖር እንደ ነበረ አስታውሱ።

እንግዲህ ክር የሴት ነው የሚለው አባባል ከየት መጣ? እኔ እንደሚመስለኝ የመጣው እጅን ከመናቅ ነው። ይህ በሽታ በአገራችን አሮጌ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን ቡዳ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን ስንሰድብ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው በሥራው እንዳይሰድቡት አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን መልኩን ለውጦ በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ሳይቀር ከአንድ አስተማሪ አፍ ወጣ። አስተማሪውም እኔ ነበርኩ።

ሁለተኛው ምክንያት «ሰልባጅ በርካሽ እያለ ለምን ትደክማለህ?» የሚለው ነው። ይህ ደኅና ጥያቄ ስለ ሆነ ደኅና መልስ ይገባዋል። በዋጋ ከሆነ እኔ ተሸናፊ ነኝ። አዲስ የሱፍ ክር የሚገዛበት ገንዘብ ከሰልባጅ ገበያ የተሠራ ሹራብ ይገዛል፤ ድካሙ ሲጨመርማ ጭራሽ አይወዳደርም። ስለዚህ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ ተረቱ ለካ ትንሽ እውነት አለው! ከሰልባጁ ክምር ውስጥ ክርኑ የተቀደደውን የሱፍ ሹራብ መርጬ በጥቂት ብር እገዛለሁ። ስፌቱን ፈትቼ እተረትረዋለሁ፤ ክሩን በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥሜ አጥበዋለሁ፤ ጠመዝማዛው እንዲለቅ ርጥቡን አንጠልጥዬ አደርቀዋለሁ፤ ከዚያ ልጆቹ በልቃቂት ያጠነጥኑታል። ከአንድ የትልቅ ሰው ሹራብ ለሕፃናት ብዙ ቆብ ይወጣል። አንዳንዱን ለራሳችን እናስቀራለን፤ ሌላውን ምራቴ ድንገት ለሚወልዱና ልብስ ላላዘጋጁ እናቶች ትወስደዋለች። ልጆቹም ከዚህ የሚማሩት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የተቀደደ ነገር ሁሉ የሚጣል እንዳልሆነ ነው። ይህን ትምህርት በየትኛው ገበያ በርካሽ ይገዙታል?

ሦስተኛው ምክንያት «የተማረ ሰው ጊዜው ውድ ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ውድ ነው። እንግዲያው እንቍጠረው። በእኛ አገር ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ገንዘብ ወደ ቤት ይገባል፤ አባት ግን ከቤት ይወጣል። አንዱ ወደ ጠጅ ቤት፣ ሌላው የውጭ አገር ኳስ ወደሚታይበት አዳራሽ፣ ሌላው ወደ ጫት ቤት ይሄዳል። ከዚያ ሲመለስ «ጊዜ የለኝም» ይላል። የሰው አንጎል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ውስጥ ከሙሉ ሰው አንጎል መጠን አራት አምስተኛ ያህል እንደሚደርስ ሊቃውንት ይናገራሉ። ሕፃን ቋንቋንና መታመንን የሚማረው በዚያ ዘመን ነው። እነዚህ ዓመታት አባት ጉዳዩን እስኪጨርስ ድረስ ቆመው አይጠብቁትም። «ልጅ በጡት፣ እህል በጥቅምት» የሚለው ተረት ለእናት ብቻ የተነገረ አይምሰላችሁ፤ ወቅቱ ያለፈ እህል ለገበሬው ሁሉ ያልፋል።

በዚህ ዘመን አዲስ ሞግዚት ተገኝታለች፤ ስሟ ስልክ ነው። ልጅ ሲያለቅስ ስልክ ይሰጠዋል፤ ምግብ አልበላ ሲል ስልክ ይከፈትለታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከቶ የስልክና የቴሌቪዥን መስኮት ፊት እንዳይቀመጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለውም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥበት፣ ቢያንስም የተሻለ እንደ ሆነ መክሯል። እኔ የስልክ ጠላት አይደለሁም። ወንድሜ ከአዲስ አበባ የሚደውልልኝ በስልክ ነው። ነገር ግን ስልክ ለልጅ መልሶ አይጠይቀውም፤ ልጁ ቢያዝን ፊቱን አያይም፤ ተረቱ ሲያልቅ «አንተስ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» አይለውም። ይህን የሚያደርገው ሰው ብቻ ነው፤ ያውም አጠገቡ የተቀመጠ ሰው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይሳሳትብኝ እፈልጋለሁ። ይህን ጽሑፍ አንብቦ አንድ ወጣት ባል ወደ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን፣ «እንግዲህ ሹራብ ሥሪ፤ መልካም ነው ተብሏል» እንዲላት አይደለም የጻፍኩት። እናቶቻችን እጃቸው ቦዝኖ አያውቅም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ እኔ በማስተምርበት ሰፈር እናቶች ልጃቸውን አዝለው፣ እንዝርታቸውን በእጃቸው ይዘው ማታ ፊደል ሊቈጥሩ ይመጡ ነበር። ጥጥ እየፈተሉ «ሀ ሁ» ይሉ ነበር። ባሎቻቸው ደግሞ ከውጭ ቆመው «ባለሙያ ናት» እያሉ ያመሰግኗቸው ነበር። ባለሙያ እያሉ ሌላውን ሸክም እንዲሸከም መተው ምስጋና አይባልም። ያመሰገነ ሰው ይቀመጥና አንዱን ጫፍ ይያዝ።

ደግሞም ሹራብ በራሱ ጽድቅ አይደለም። እኔ ራሴ አንድ ማታ ቀለበት እየቈጠርኩ ሳለ የ4 ዓመቷ ልጅ ስትጠራኝ፣ «ዝም በይ! ቍጥሬን አጠፋሽብኝ!» ብዬ ጮኽኩባት። ልቃቂቱን መሬት ላይ አኑራ ወደ አያቷ ሄደች። ያን ጊዜ መርፌው ከካርታው ምንም የሚሻል ነገር አልነበረውም። ሥራው ልጅን ካራቀ፣ ክር ይሁን ጠጅ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ቆቡ ቢጣመም ይተረተራል፤ የልጅ ልብ ግን ሲጣመም እንደገና መጀመር ያስቸግራል።

ወጣቶች ሆይ! ከእናንተ ውስጥ ነገ አባትና እናት የማይሆን ጥቂት ነው። ለብዙዎቻችሁም ዛሬ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች አሏችሁ፤ ስለዚህ እስክትወልዱ ድረስ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ከምሽቱ አንዱን ሰዓት ለዩት። ስልካችሁን ከቁም ሣጥን ላይ አኑሩት። ልጆች ባሉበት ክፍል ተቀመጡ፤ በእጃችሁም አንድ ሥራ ያዙ። ሹራብ ካልሆነላችሁ ስፌት ስፉ፣ ወንበር ጠግኑ፣ የተቀደደ ደብተር ለጥፉ፣ ባቄላ ፈልፍሉ። ሥራው ልጅ አጠገቡ ሊቀመጥበት የሚችል፣ ልጅም ሊያግዝበት የሚችል ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት ይሳቅባችኋል። በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ ሰዓቱን ማስታወስ ይጀምራሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ አንዱ ረድፍ በአንዱ ላይ ሲጨመር ሹራቡም ልጁም ያድጋል።

ለተከበሩት ሽማግሌም መልሴ ይኸው ነው። አባቴ፣ መነኩሴውን የነቀፉት ደኅናውን ስለ ቀደደ ነው፤ እውነትዎን ነው። እኔም ቀድጄ ነበር፤ አሁን እየሰፋሁ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም መርፌዬን ይዤ እመጣለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ብዙ ቆብ ሠርቻለሁ፤ ስንት እንደ ሆነ አልቈጠርኩም። በ1978 ዓ.ም. ከአንድ ልጅ እጅ ነጥቄ የተረተርኩትን ያን አንድ ቆብ ግን እስከ ዛሬ አልመለስኩም፤ ልመልስለት ብፈልግም የት እንዳለ አላውቅም። እናንተ ገና የተረተራችሁት የለም። ሳይተረተር ጀምሩ።